በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ የሰው ልጅ መልክ

ሥዕል ፊደል ላልቈጠረ ሰው እንደ መጽሐፍ ሆኖ እንደሚያገለግል የቀደሙ አባቶች ሲያስተምሩ ኖረዋል። መጽሐፍ ግን ታሪክን ነግሮ ዝም አይልም፤ ታሪኩ የሚነገርለት ሰው ማን እንደ ሆነ፥ የሚከበረውና የሚሳቅበትም ማን እንደ ሆነ አብሮ ያስተምራል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት በቃል የማይነገር ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ይልቅ በልብ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል። በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻ ስላሉት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ውበትና ዕድሜ ብዙ ተጽፏል፤ በእነርሱ ላይ ልዩ ልዩ ወገን የሆነ ሰው በምን መልክ እንደ ተሣለ ግን እምብዛም አይነገርም። ዛሬ በሲኒማ ማን ይታያል፥ በምንስ መልክ ይታያል የሚለው ክርክር በዓለም ሁሉ በበዛበት ጊዜ የጣናን ግድግዳ ደግሞ መመርመር ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ከሲኒማ እጅግ ቀድሞ በዚያ ተነሥቷልና።

ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ደሴቶቹም 37 ይሆናሉ ተብለው ይቈጠራሉ። ዐባይ ከሐይቁ የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ከከተማው በታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ የሚሄድ ሰው የዘጌን ልሳነ ምድር ያገኛል፤ በዚያም ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አሉ። ወደ ውስጥ ሲገባ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ፥ በአጠገቡም ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛሉ፤ በሰሜን በኩል ደግሞ በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ከእነዚህ የሚበዙት ክብ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፥ ቅድስቱም መቅደሱን ይከባል። በኡራ ኪዳነ ምሕረት እንደሚታየው የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሥዕሎቹም ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በየጊዜው የተሣሉና የታደሱ ናቸው። ምእመን መቅደሱን እየዞረ ሲሄድ ታሪኩ በተራ በተራ በፊቱ ያልፋል።

ይህም ሥዕል የተሣለው ለሊቃውንት ብቻ አይደለም። ሽማግሌው፥ እናቲቱና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን፥ ድቁና የሚማረው ልጅም በአንድነት ያዩታል። የሚያዩትም ከተፈጥሮ ሥርዓት በላይ የሆነ ነገር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የደብረ ዳሞ ገመድ በተቈረጠባቸው ጊዜ ስድስት ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተንጠልጥለው ወደ አምባው ይወጣሉ። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ተቀምጠው ይሄዳሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይጸልያሉ። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ይፈሳል፤ ዘማሪውም ንጉሡም ከዜማው ጣዕም የተነሣ አላወቁም። ሕፃን ይህን ሲያይ አፉን ከፍቶ ይቀራል፥ እናቱንም ይጠይቃል፤ የትምህርቱም መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰይጣን አለ። ቀንድ አለው፥ ጥርሱ የገጠጠ ነው፥ ጥፍሩም ረጅም ነው። ነገር ግን ሠዓሊዎቹ አስፈሪ ብቻ አድርገው አልተዉትም፤ ሞኝም አድርገውታል። በቅዱስ ሚካኤል እግር ሥር ተጨፍልቆ ይንፈራገጣል፤ በሰንሰለት ታስሮ ዐይኑን ያጕረጠርጣል፤ በሚዛን ፊት ቆሞ የሰው ነፍስ ስታመልጠው በከንቱ ይቈጣል። ልጅ በመጀመሪያ ይፈራል፥ ኋላም ይስቃል። ሳቁም ከትምህርቱ የሚቈጠር ነው፤ በተሸነፈ ጠላት መሳቅ የእምነት ምልክት ነውና። ቤተ ክርስቲያን ቁም ነገርን ከጨዋታ ጋር ማስማማት እንደምትችል የሚያውቅ ሁሉ ከጣና ምሥራቅ ከፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተነሡትን አለቃ ገብረ ሃናን ያስታውሳል። እኒህ ሊቅ በጨዋታቸው በሀገሩ ሁሉ የታወቁትን ያህል በአቋቋም ትምህርት የተክሌን ዝማሜ ያስገኙ መምህር ነበሩ፤ ለዝማሜውም ምሳሌ የሆናቸው የጣና ማዕበል ወዲያና ወዲህ ማለት ነው ይባላል።

እንግዲህ ተአምርና ሳቅ በአንድ ግድግዳ ላይ ለቤተሰብ ሁሉ ከቀረቡ ዘንድ፥ የሚሳቀው በማን ላይ ነው? የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

የሀገራችን ሠዓሊዎች በዚህ ረገድ የታወቀ ሥርዓት አላቸው። ጻድቅ ወይም መልካም ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዐይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ኀጥእና ከሓዲ ግን ፊቱ ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዐይን ብቻ ይሣላል። ሰይጣንም፥ የሄሮድስ ጭፍሮችም፥ ጌታን የገረፉትም በዚህ ሥርዓት ይታወቃሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ዐይን በመቍጠር ብቻ ማን የማን ወገን እንደ ሆነ ይለያል። ሥርዓቱ ለማስተማር እጅግ የሚመች ነው፤ ዳሩ ግን አንዱ ዐይን ለማን እንደ ተሰጠ ሲመረመር የሠዓሊው ዘመንና የሀገሩ ፍርሃት አብረው ይገለጣሉ።

በብዙ ግድግዳዎች ላይ የጌታን ሰቃልያን የሚመስሉ፥ ሰማዕታትንም የሚያሠቃዩ ሰዎች ጥምጥም የጠመጠሙ ሆነው ይታያሉ። በኤርትራ ባሕር የሚሰጥሙት የፈርዖን ወታደሮች ጠብመንጃ የያዙበት ሥዕልም አለ። በሙሴ ዘመን ጠብመንጃ እንዳልነበረ ሠዓሊው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ጠላት የሚባለውን በዘመኑ ባየው ጠላት መልክ መሣሉ ነው። የዚህም ምክንያቱ ይታወቃል። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ከዚያም ቱርክ ምጽዋን ይዟል፤ ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብ ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን አቃጥለዋል። ይህን ያየ ወይም ከአባቱ የሰማ ሠዓሊ ጥምጥምን የጠላት ምልክት ቢያደርግ አያስገርምም። ነገር ግን በሐይቁ ዙሪያ ጥምጥም የጠመጠመ ሁሉ ጠላት አልነበረም። በገበያ ከክርስቲያኑ ጋር የሚነግድ፥ ሸማ የሚሠራ፥ በኀዘንና በደስታ የሚገናኝ ጎረቤት ነበር፥ ዛሬም አለ። በግድግዳው ላይ ያለውን ጥምጥም ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ግን የጎረቤቱን ሁለተኛ ዐይን ሳያይ ሊቀር ይችላል።

ይህ ሲባል ግን የጣና ግድግዳ ጠባብ ነው ማለት አይደለም። በላዩ የተሰበሰቡት ቅዱሳን ከብዙ ሕዝብ የተውጣጡ ናቸው፤ ግብጻዊው፥ ሶርያዊው፥ ሮማዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ ረድፍ ቆመው ይታያሉ። ዳዊት በገና ይደረድራል፤ ጊዮርጊስ በሀገራችን ፈረሰኛ ልማድ የእግሩን አውራ ጣት በርካብ ውስጥ ያገባል። የሥዕሉም ጥበብ ከሌላው ዓለም የተለየ አልነበረም። በዳጋ እስጢፋኖስ የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው ፍሬ ጽዮን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ሰው ነው። ኋላም በሮም ያለችው የታወቀች የእመቤታችን ሥዕል በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ሀገራችን ስትመጣ ሠዓሊዎቻችን የእጇን አቀማመጥና የልብሷን አጣጣል ተቀብለው በራሳቸው ቀለም ሣሏት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1591 ዓመት በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ምሳሌ ሆነዋል። ሃይማኖቱን እየተቃወሙ ጥበቡን ለመቀበል አላፈሩም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ቅዱስ መርቆሬዎስ ዑልያኖስን ሲወጋ በሚታይባቸው ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ላይ ገጻቸው እንደ ውሻ የሆነ ሁለት ሰዎች ከኋላው ይታያሉ። እነዚህ አስቀድሞ የሰው ሥጋ የሚበሉ ነበሩ፤ የመርቆሬዎስንም አያት በልተዋል፤ ኋላ ግን በእግዚአብሔር ኀይል ገርተው የቅዱሱ ቤት አገልጋዮች ሆነዋል። መልኩ ከሰው ሁሉ የተለየ እንኳ ከቅዱሱ ማኅበር እንዳልተከለከለ ይህ ያሳያል።

ስለ ሴቶችም እንዲሁ ሁለት ነገር ይታያል። በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል በገዳም ሥርዓት ምክንያት ሴት አትገባም፤ ስለዚህ በእነዚያ ደሴቶች ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል የሚያዩት ወንዶች ብቻ ናቸው። በናርጋ ሥላሴ ግን ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ተሥለዋል። በእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ሥዕሉ ትሕትናን ያሳያል፤ ትሕትናውም በግድግዳው ላይ የቈየው ለማሣል የሚበቃ ሥልጣንና ሀብት ስለ ነበራቸው ነው። በዚያው ዘመን ለሠራተኛው እንጀራ የጋገረችው፥ ውኃም የቀዳችው ሴት ከእቴጌይቱ ያላነሰ ደክማ ይሆናል፤ ነገር ግን ለእርሷ የተሰጠ ሥፍራ አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር የቀለሙ ነው። ሰይጣን ብዙ ጊዜ በጥቁር ቀለም ይሣላል። በምሳሌ ቋንቋ ጥቁሩ የጨለማና የኀጢአት ምልክት እንጂ የሰው ገላ ምልክት አይደለም ቢባል ቃሉ እውነት ነው፤ ሰምና ወርቅን የሚያውቅ ሊቅ ሁሉ ይህን ይለያል። ነገር ግን ሕፃን ሰሙን ያያል እንጂ ወርቁን ገና አላወቀም። ደግሞም ግድግዳው የቆመበትን ምድር ማስታወስ ይገባል። በዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት ሞፈርና በሬ ስለማይገባ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናና በዛፍ ፍሬ ነው፤ የቡናውንም ተክል ከሚኰተኵቱትና ከሚለቅሙት መካከል እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ከምዕራቡ ቈላ ተሽጠው የመጡ ባሮች ነበሩባቸው። ከባለቤቶቹም ውስጥ ካህናት ነበሩ። ገላው እጅግ የጠቈረ ባሪያ በቅድስቱ በኩል ሲያልፍ በሰንሰለት የታሰረውን ጥቁር ፍጥረት ሲያይ፥ ልጆችም በዚያ ፍጥረት ሲስቁ ሲሰማ ምን አስቦ ይሆን? ይህን የጻፈ የለም። የባርነት መጥፋት በዐዋጅ የጸናው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በግድግዳ የተማረውን ግን ዐዋጅ በአንድ ቀን አያስረሳውም።

መድኀኒቱ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አልነበረም፤ በስንክሳሩ ውስጥ ነበረ። ሰኔ 24 ቀን የሚከበረው አባ ሙሴ ጸሊም ገላው የጠቈረ፥ አስቀድሞ ባሪያ፥ ኋላም ወንበዴ የነበረ ሰው ነው። በንስሓ ተመልሶ በአስቄጥስ በረሓ የመነኮሳት አባት ሆነ፥ በመጨረሻም በሰማዕትነት ዐረፈ። ወንጌላዊው ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባም ኢትዮጵያዊ ነው። የመርቆሬዎስም ፈረስ ጥቁር ነው፤ በሰማዕቱ ሥር ግን ጥቁርነቱ ጌጥ ሆኖለታል። ስለዚህ ጥቁር ቀለም በራሱ ነውር እንዳልሆነ መጻሕፍቱም ሥዕሎቹም ይመሰክራሉ። የጐደለው ምስክሩን ለልጅ የሚተረጕም አፍ ነው።

በግድግዳው ላይ ሳይታሰብ የቀረ ሌላም አለ። በሐይቁ ዳር ወይጦ የሚባል ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል። ከደንገል ታንኳ መሥራትን የሚያህል ጥበብ በእጁ ነው፤ የወፍጮ ድንጋይም ይጠርባል። ቀድሞ ጉማሬ እያደነ ይበላ ስለ ነበረ ክርስቲያኑ ርኩስ ነው ብሎ አራቀው፤ እስልምናን ከተቀበለም በኋላ ሌሎች እስላሞች እንደ ወንድም አልቈጠሩትም። የጥንት ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገረው በአማርኛ ነው። የባሕር ዳር ከተማ ሲሰፋም የሐይቁ ዳር ሠፈሩ እየጠበበ ሄዷል። ወደ ደሴቶቹ የሚወሰደው ሁሉ በታንኳ ሲጓጓዝ ኖሯል፤ ታንኳውም ከደንገል የተሠራ ነው። የለጋሹን ስም ከሥዕሉ ግርጌ መጻፍ ልማድ ነበረ፤ የታንኳ ሠሪውን ስም መጻፍ ግን ልማድ አልነበረም። ባለአንድ ዐይን ሆኖ ከመሣል ይልቅ ፈጽሞ ሳይሣሉ መቅረት የሚከፋ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጠላት ተብሎም ቢሆን ሰው መሆኑ ታውቆለታልና።

ይህን ሁሉ የሚያቃና መንገድ በዚያው ሥዕል ውስጥ ይገኛል። የጌታን ጐን በጦር የወጋው ሌንጊኖስ አንድ ዐይኑ የታወረ ነበር፤ ከጐኑ የፈሰሰው ደም በነካው ጊዜ ግን ያ ዐይኑ እንደ በራለት በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም በመጨረሻዋ ሰዓት ከጻድቃን ጋር ተቈጠረ። በላዔ ሰብእ ደግሞ 78 ነፍስ የበላ ሰው ሲሆን በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም እፍኝ ውኃ ስለ ሰጠ ድኗል፤ በሚዛኑም ላይ ያች እፍኝ ውኃ የእመቤታችን ጥላ አርፎባት የ78ቱን ነፍስ ክብደት አነሣች። ይህ ታሪክ የሚሣለውና በየካቲት 16 ቀን የሚነገረው ምእመን በበላዔ ሰብእ እንዲስቅ ብቻ አይደለም፤ ፍርዱን ከመቸኰል እንዲጠብቅ ነው። አንድ ዐይን የሥራ ምልክት እንጂ የትውልድ ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ሲኒማ እንመለስ ዘንድ ነገሩ ራሱ ይጠራል። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን የሰይጣን ቤት ብሎት እንደ ነበረ ይነገራል። ይሁን እንጂ ሥራው ከግድግዳው ሥዕል ጋር ይመሳሰላል፤ ብዙ ሰው በጨለማ ውስጥ ተሰብስቦ ተአምር የሚመስል ነገር ያያል፥ ይፈራል፥ ይስቃል። በአሜሪካ መናፍስትንና ሙታንን ከቀልድ ጋር አስማምቶ ለቤተሰብ ሁሉ የሚያሳይ የፊልም ዓይነት ከጥንት አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓመት በወጣው በቦብ ሆፕ ፊልም ዊሊ ቤስት የተባለው ጥቁር ተዋናይ ጌታውን የሚከተል፥ በመናፍስቱም ፊት የሚንቀጠቀጥ አሽከር ሆኖ ታይቷል፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በእንዲህ ያለ ፊልም የሚገባው ሲፈራ እንዲሳቅበት ነበር። በ1984 የወጣው ጎስትባስተርስ የተባለው የታወቀ ፊልም አራት መንፈስ አሳዳጆች አሉት። ሦስቱ ነጮች ሊቃውንት ተብለው ሲቀርቡ አራተኛው ጥቁር ኧርኒ ሃድሰን ለደመወዝ ብሎ ኋላ የተቀጠረ ሆኖ ገባ፤ ክፍሉም አስቀድሞ ከተጻፈው እንደ ተቀነሰበት እርሱ ራሱ ተናግሯል። በ2016 ያው ታሪክ በአራት ሴቶች ሲሠራ ሴቶች በመሆናቸው ብዙዎች ተቈጡ፤ ከአራቱም ሊቅ ያልሆነችው ጥቁሯ ሌስሊ ጆንስ ብቻ መሆኗ ደግሞ ሌሎችን አሳዘነ። እንግዲህ ሰዉን ቍጥሩን በማብዛት ብቻ ነገሩ እንደማይፈጸም ከዚህ ይታያል። አራተኛ ወንበር ሰጥቶ ሁለተኛውን ዐይን መንሣት ይቻላል።

የእኛም ሀገር ከዚህ ነጻ አይደለም። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ተክለ ሃዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላን ሲያሳዩ በእንስሳት ተመስሎ የተሳቀው በሹማምንት ላይ ስለ ነበረ ተውኔቱ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የአማርኛ ተውኔትና ፊልም ወጥቷል። በብዙው ግን ሳቅ የሚነሣው ከባላገሩ አነጋገር፥ ከዘበኛውና ከቤት ሠራተኛይቱ ነው። ኀያሉን መንካት የተከለከለ ቀልድ ወደ ደካማው መዞሩ አይቀርም። ደብተራም በየተረቱና በየፊልሙ ጠልሰም የሚጽፍ፥ አጋንንት የሚስብ ጠንቋይ ሆኖ ይቀርባል። ሠላሳ ዓመት ዜማና ቅኔ፥ አቋቋምና መጻሕፍት የተማረ ሰው በአንድ ዐይን ተሥሎ ልጆቹ ሲያዩት ያዝናል፤ ማዘኑም በእውነት ነው። ዳሩ ግን ይህን ኀዘን የቀመሰ ካህን የባለጥምጥሙን፥ የወይጦውንና የባሪያውን ልጅ ኀዘን ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ የቀደሙት ሥዕሎች ይፋቁ ወይም ይለወጡ የሚል ቢኖር ስሕተት ነው። የአባቶች እጅ ሥራ ከነዘመኑ፥ ከነፍርሃቱም ይጠበቅ። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ልጆችን ይዞ መቅደሱን የሚያዞር መምህር ወደ ባለጥምጥሙ ሲደርስ የየትኛው ዘመን ጠላት እንደ ነበረ ይናገር፥ ጎረቤታቸው እንዳልሆነም ይጨምር። ወደ ጥቁሩ ሰይጣን ሲደርስ ወዲያው የአባ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ይንገር። ከሌንጊኖስም ፊት ጥቂት ይቁም። አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚሥለውም ሠዓሊ፥ ፊልም የሚሠራውም ወጣት፥ አንዱን ዐይን ለማን እንደሚሰጥ ብሩሹን ከማንከሩ በፊት ያስብ። ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ምእመንም ከታንኳው ሲወርድ የቀዛፊውን ስም ይጠይቅ።